ፀሐይን ያጣ ኮምፒውተር

ኮምፒውተሬ ‹‹አዲስ ስሪት ወጥቷል፤ ልጫን?›› ብሎ በጠየቀኝ ቁጥር አንድ ተስፋ አደርጋለሁ። ይጫናል፣ ይጠፋል፣ ይበራል። የቁልፎቹ ማዕዘን ትንሽ ክብ ብሏል። ትናንት በግራ የነበረው ማውጫ ዛሬ በቀኝ ነው። ‹‹ምን ላግዝዎ?›› የሚል አዲስ ምልክት ጥግ ላይ ብቅ ብሏል። እኔ የምጠብቀው ግን አሁንም የለም። ባለቤቴ ‹‹ደግሞ ምን ጎደለሽ?›› ይለኛል። የጎደለኝ ብዙ አይደለም። ፊደላችንን የሚያውቅ መፈለጊያና ቀናችንን የሚያውቅ ሰንጠረዥ ነው።

‹‹ይህ የቢሮ ሰው ጉዳይ ነው›› የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። ድሮ ነበር። ዛሬ የእቁቡ ዕጣ፣ የእድሩ መዋጮ፣ የልጆች ምዝገባ፣ የክሊኒክ ቀጠሮና የሠርግ ጥሪ ዝርዝር ያለው ወይ በሰንጠረዥ ፕሮግራም ውስጥ ነው፣ ወይ በብራውዘር በሚከፈት ቅጽ ላይ። የቤተሰባችን ስምና የልደት ቀን በእነዚህ ሁለት በሮች ያልፋል። በሮቹ የተሠሩት ደግሞ በሌላ ሰው ቁመት ልክ ነው።

ከፍለጋው ልጀምር። ኮንትሮልና ኤፍን አንድ ላይ ስንጫን የምትከፈተዋን ትንሽ ሳጥን የማያውቅ የለም። የእንግሊዝኛ ስም ብትፈልጉባት በትልቁ ፊደል ጻፋችሁት በትንሹ ግድ የላትም፤ ታገኘዋለች። አሁን ደግሞ በአማርኛ ‹‹ፀሐይ›› የሚለውን ስም ፈልጉ። የመጀመሪያዋ ፊደል ወይ ጸሎቱ ጸ ናት፣ ወይ ፀሐዩ ፀ። ሁለተኛዋ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ ወይም ብዙኃኑ ኀ ልትሆን ትችላለች፤ እያንዳንዷም በግዕዝ ወይም በራብዕ ትጻፋለች። ሁለት ጊዜ ስድስት፣ አሥራ ሁለት። ሰው ሲያነባቸው አሥራ ሁለቱም አንዲት ፀሐይ ናቸው። ለሳጥኗ ግን አሥራ ሁለት የማይተዋወቁ ሴቶች ናቸው። ‹‹ኃይለሥላሴ››ማ አይነሳ! ስድስት ዓይነት ሀ፣ ሁለት ዓይነት ሥ፣ ሁለት ዓይነት ሴ፤ በዚያ ላይ አንዱ ገጥሞ ሌላው ነጥሎ ይጽፈዋል። ሲባዛ 48 ይመጣል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ኮምፒውተር ፊደልን በመልኩም በድምፁም አያውቅም፤ የሚያውቀው በቁጥር ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ወደሚባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ በ1999 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲገባ፣ ከ300 በላይ ለሚሆኑት ምልክቶች ለእያንዳንዱ የራሱ ቁጥር ተሰጥቶታል። ጸ አንድ ቁጥር፣ ፀ ሌላ ቁጥር። ይህ መሆኑ ትክክል ነው። የግዕዝ መጻሕፍት ልዩነቱን ይጠብቃሉ። ትግርኛ ተናጋሪ ደግሞ ሀ እና ሐ፣ አ እና ዐ በድምፅም የተለያዩ መሆናቸውን ሊነግራችሁ ይችላል። ስለዚህ ‹‹ቁጥሮቹ ይዋሃዱ›› የሚል የለም። የሚፈለገው ፈላጊዋ ሳጥን አማርኛ ስታነብ እንደ አማርኛ አንባቢ እንድታነብ ነው። የማይፈልገው ሰው ምልክቱን ያጠፋዋል።

ጉዳዩ የቤት ጉዳይ መሆኑን ያየሁት በእድራችን ነው። እድሩ የአባላቱን ስም ከጥቁሩ መዝገብ ወደ ኮምፒውተር ካዛወረ ቆይቷል። አንድ ሌሊት አንዲት ጎረቤታችን ባለቤታቸውን በሞት አጡ። አባልነቱ የተመዘገበው በእሳቸው ስም ነው፤ ስማቸውም በፀሐይ ይጀምራል። ሲነጋ ልጃቸው ለድንኳንና ለወንበር መጣ። ጸሐፊው ስሙን በኮምፒውተሩ ፈለገ። ‹‹አልተገኘም›› አለው። ደግሞ ፈለገ፤ አልተገኘም። ልጁ ሌሊቱን አልተኛም፣ ዓይኑ ቀልቷል። ‹‹እናቴ እኮ በየወሩ ትከፍላለች›› ሲል ክፍሏ ውስጥ የነበርነው ሁሉ አንገታችንን ደፋን። ጸሐፊው ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ማሽኑ የለም ያለውን ሰው አለ ብሎ የእድር ገንዘብ እንዴት ያውጣ? በመጨረሻ የእድሩ ዳኛ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ረስተው የሚፈልጉ አዛውንት፣ አሮጌውን መዝገብ አስወጡና በጣታቸው እየወረዱ ‹‹ይችውልህ!›› አሉ። መዝገቡ ላይ በፀሐዩ ፀ፣ በሐመሩ ሐ ተጽፏል። ወደ ኮምፒውተር የገለበጠውም እንዳለ ገልብጦታል። ጸሐፊው የፈለገው ግን በጸሎቱ ጸና በሃሌታው ሀ ነበር። ድንኳኑ እስኪተከል ለቀስተኛው ፀሐይ ላይ ቆመ።

እዚህ ላይ ‹‹ድሮም ትርፍ ፊደሎቹ ቢቀነሱ ኖሮ!›› የሚል ሰው አይጠፋም። ክርክሩ ረጅም ነው፤ እዚህ አልገባበትም። አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ እናት ለልጇ ያወጣችውን ስም ማሽን ስላልቻለበት እናሳጥር ማለት እግሩን ለጫማው እንደ መቁረጥ ይመስለኛል።

ደግሞም ማሽኑ ይችላል። ፋየርፎክስ ላይ ኮንትሮልና ኤፍን ስትጫኑ ከታች በሚመጣው መስመር ላይ ጭረትና ነጥብ ያላቸውን ፊደላት የሚመለከት አንድ ምርጫ አለ። እሱን ካልነካችሁት፣ አናቷ ላይ ጭረት ያለባትን የፈረንሳይኛ ፊደል ያለ ጭረትም ብትጽፉት ያገኝላችኋል። ማይክሮሶፍት ወርድም ለዐረብኛ ጽሑፍ ተመሳሳይ ነገር አለው። አሊፍ ሃምዛ ኖራት አልኖራት ልዩነት አታድርግ ማለት ይቻላል። አንድ ሰው በሆነ ጊዜ ‹‹ለእኛ ይህ ያስፈልገናል›› ብሎ ጠይቆ መሆን አለበት። ለጸ እና ለፀ የሚያስፈልገው ከዚህ የሚከብድ ሥራ አይደለም። ጥቂት የፊደል ቤተሰቦችን ‹‹እነዚህ ዘመዳሞች ናቸው›› ብሎ ማስተዋወቅ ነው።

እስከዚያው የእድር ጸሐፊዎችና የመምህራን ጓደኞቼ የሚጠቀሙባቸውን ሁለት ዘዴዎች ላካፍላችሁ። አንደኛው፣ በኤክሴል መፈለጊያ ውስጥ የእንግሊዝኛው የጥያቄ ምልክት የማንኛውም አንድ ፊደል ምትክ ነው። የሚያጠራጥረውን ፊደል በእሱ ተኩት፦ ‹‹??ይ›› ብትሉ ፀሐይ በማንኛውም አጻጻፍ ትመጣለች፤ ‹‹?ይለ?ላ?›› ብትሉ ገጥሞ የተጻፈ ኃይለሥላሴ ሁሉ ይመጣል። አንዳንዴ ያልተጠራም ይመጣል፤ ቢሆንም ያልተጠራ መምጣቱ የተጠራው ከሚቀር ይሻላል። ሁለተኛው የበለጠ ያስተማምናል። ከስሙ ዓምድ አጠገብ ‹‹የፍለጋ ስም›› የሚል ሌላ ዓምድ ክፈቱና ስሙን በሀ፣ በሰ፣ በአ እና በጸ ብቻ ደግማችሁ ጻፉት። ፍለጋውን እዚያ ላይ አድርጉ። እውነተኛው ስም ግን በባለቤቱ አጻጻፍ በቦታው ይቀመጣል፤ ደረሰኝም መታወቂያም የሚታተመው ከእሱ ነው።

ወደ ቀን ልለፍ። እዚህ ላይ ጉዳዩ ያስቃል፣ ያናድዳልም። ልጄ የተወለደችው ጳጉሜን 3 ቀን 2006 ዓ.ም. ነው። አንድ ትምህርት ቤት ለምዝገባ የሞላነውን ቅጽ ወደ ሰንጠረዥ ሲገለብጡት 3/13/2006 ብለው አስገቡት። ኮምፒውተሩ እንደ አብዛኞቹ ኮምፒውተሮቻችን በአሜሪካ አቀማመጥ ላይ ነበር። አሜሪካዊ ደግሞ ወሩን ያስቀድማል። ስለዚህ ማርች 13 ቀን 2006 ብሎ ተቀበለው፤ አላጉረመረመም፣ አልጠየቀም። የዕድሜው ስሌት ሲሠራ ልጄ በአንድ ጊዜ ስምንት ዓመት ከመንፈቅ ገደማ አረጀች። የእሷ እውነተኛ ቀን በእነሱ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 8 ቀን 2014 ነውና። መዝጋቢዋ ‹‹ልጅቷ ለዚህ ክፍል ዕድሜዋ አልፏል ይላል›› ስትለኝ ልጄ አጠገቤ ቆማ ሎሊፖፕ ትመጥ ነበር። እዚያው ተሳስቀን ተስተካከለ። ሁሉም ግን ሳቅ ሆኖ አያልቅም። የልደት ቀኑ በተለያዩ ወረቀቶች ላይ የተለያየ ሆኖበት ለቪዛ፣ ለጡረታ ወይም ለውርስ የተንገላታ ሰው በየቤታችን አለ።

ጳጉሜን ብቻ አይደለችም። ጥቅምት 30ን 30/2 ብላችሁ ጻፉ። የፈረንጆቹ ሁለተኛ ወር 30 ቀን ኖሮት አያውቅምና ፕሮግራሙ ‹‹ይህ ቀን አይደለም›› ብሎ እንደ ተራ ጽሑፍ ወደ ግራ ያስጠጋዋል። ጥቅምት 5ን ብትጽፉ ደግሞ ቀን ነው ብሎ ወደ ቀኝ ይወስደዋል። አንድ ዓምድ ውስጥ ግማሹ ግራ ግማሹ ቀኝ ሆኖ ካያችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው። በቀን ቅደም ተከተል ደርድር ስትሉት ግማሹን ብቻ በወጉ ይደረድርና ሌላውን ከታች ይከምረዋል።

የሚገርመው፣ የእኛ አቆጣጠር ለማሽን የሚመች አቆጣጠር ነው። አሥራ ሁለቱ ወራት እኩል ሠላሳ ሠላሳ ናቸው። ጳጉሜን አምስት ናት፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ስድስት። ማን ስንት ቀን አለው ብሎ በጣት አንጓ መቁጠር የለም። ኤክሴልም ቢሆን በውስጡ ቀንን የሚይዘው በአንድ ተከታታይ ቁጥር ነው፤ ጃንዋሪ 1 ቀን 1900ን አንድ ብሎ ይጀምራል። 45181 የሚለው ቁጥር ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ተብሎ ይታያል። ያው ቁጥር መስከረም 1 ቀን 2016 ተብሎ መታየት ይችል ነበር። ቀኑ አንድ ነው፤ የሚለየው ልብሱ ነው። ለሂጅራ፣ ለታይላንድ የቡድሃ ዘመንና ለጃፓን የንጉሠ ነገሥት ዘመን ይህ ልብስ ተሰፍቶላቸዋል፤ የቀን አጻጻፍ ምርጫው ውስጥ ታገኟቸዋላችሁ።

ብራውዘሮቹማ ከዚህም ይቀርባሉ። ክሮምም፣ ፋየርፎክስም፣ ሳፋሪም በሆዳቸው ውስጥ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር የሚያሰላ ክፍል አላቸው። ድረ ገጽ የሚሠራ ባለሙያ በአጭር ትእዛዝ ሊጠራው ይችላል። ቅጽ ላይ ‹‹የልደት ቀን›› የሚለውን ስትነኩ ብራውዘሩ ራሱ የሚያወጣው የቀን መምረጫ ግን የፈረንጅ ብቻ ነው፤ 12 ወር አሳይቶ ያበቃል። ጓዳ ውስጥ የተሠራ ወጥ ገበታ ላይ አልቀረበም ማለት ነው። ቢቀርብ፣ ከላይ ሁለት አቆጣጠር ጎን ለጎን የሚያሳይ ትንሽ መቀያየሪያ ብቻ ቢኖር፣ ስንት እናት በስልክ ቀን መለወጫ ከማሰስ ትገላገል ነበር።

እስከዚያው ቀንን በሦስት ዓምድ ክፈሉት፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ በዚህ ቅደም ተከተል። ፕሮግራሙ ሊተረጉመው አይሞክርም፤ መደርደሩም አያስቸግርም። ሰዓትን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። የቀጠሮ ወረቀት ላይ ‹‹3 ሰዓት›› ሲባል ‹‹ጠዋት›› ወይም ‹‹ከሰዓት›› መጨመር ብቻ አይበቃም፤ በኢትዮጵያ ሰዓት ወይም በፈረንጅ ሰዓት መሆኑም ይጻፍ። በስልክ የቀን መቁጠሪያ ላይ ይህን የሚጠይቅ ምርጫ ቢኖር በውጭ አገር ካሉ እህት ወንድሞቻችን ጋር በቪዲዮ ለመገናኘት ቀጠሮ ስንይዝ የሚጠፋው እንቅልፍ ይቀንስ ነበር።

ስለ ስምም ሳልጠቅስ አላልፍም። የብራውዘር ቅጽ ‹‹የመጀመሪያ ስም›› እና ‹‹የቤተሰብ ስም›› ይላል፤ አንዴ ከሞላችሁም ያስታውስና በሚቀጥለው ራሱ ይሞላዋል። እኛ ቤት ባለቤቴ የአባቱን ስም ይዟል፣ እኔ የአባቴን፣ ልጆቼ የባለቤቴን። አንድ ጣሪያ ሥር ሦስት ‹‹የቤተሰብ ስም›› አለ። ማሽኑ ሊያግዘኝ ብሎ ልጄን በአያቷ ስም ይሞላታል። የድርን ደረጃዎች የሚያወጣው ደብሊው ሥሪ ሲ የተባለው ዓለም አቀፍ ማኅበር ስለ ሰው ስም ባዘጋጀው ምክር ላይ፣ ስምን መከፋፈል የግድ ካልሆነ አንድ ‹‹ሙሉ ስም›› የሚል ሳጥን ብቻ ማድረግን አስቡበት ይላል። ምክሩ አለ፤ ሰሚው ነው ያነሰው።

ታዲያ ለማን ይነገር? ሰው የማያውቀው ነገር ቢኖር እነዚህ ፕሮግራሞች ሁሉ ጆሮ ያላቸው መሆኑን ነው። ክሮም ላይ ሦስቱን ነጥቦች ነክታችሁ ወደ እርዳታው ስትገቡ ችግር የምትገልጹበት ቦታ አለ። ኤክሴል ‹‹ፋይል›› በሚለው ውስጥ የአስተያየት መስጫ አለው። የፋየርፎክስ ባለቤት ሞዚላ፣ ሞዚላ ኮኔክት የሚባል የሐሳብ ማቅረቢያ አለው፤ አንዱ ሐሳብ ሲጽፍ ሌላው ድጋፍ ይሰጣል። ሊብሬ ኦፊስ ደግሞ ባግዚላ በሚባለው መዝገቡ ላይ የችግርም የማሻሻያም ጥያቄ ይቀበላል።

ነገር ግን አጻጻፉ ወሳኝ ነው። ‹‹አማርኛን ናቃችሁት›› ብሎ የሚጀምር ደብዳቤ እውነት ቢኖረውም መሐንዲስ ሊሠራበት አይችልም። የአሥራ አምስት ዓመቱ ልጄ በአንድ እሁድ ከሰዓት፣ ቡና እየተፈላ፣ ከእኔ ጋር ተቀምጦ በእንግሊዝኛ የጻፈው እንዲህ የሚል ነበር፦ ‹‹አንድ ገጽ ላይ ‹ፀሐይ› ተጽፏል። በመፈለጊያው ‹ጸሀይ› ብዬ ጻፍኩ። ምንም አልተገኘም አለኝ። በአማርኛ ሁለቱ አንድ ቃል ናቸው፤ አነባበባቸውም አንድ ነው። የጠበቅኩት እንዲገኝ ነበር። እንደዚህ የሚለዋወጡት ፊደላት እነዚህ ናቸው። በትግርኛ ግን አንዳንዶቹ የተለያየ ድምፅ ስላላቸው፣ ተጠቃሚው የሚያጠፋው ምርጫ ቢሆን ይመረጣል።›› ምን አደረግሁ፣ ምን ሆነ፣ ምን ጠበቅሁ፤ በቃ። የጳጉሜንን ጉዳይ በሌላ ደብዳቤ ለብቻው ጻፈው፤ ሁለት ነገር አንድ ላይ ሲቀርብ አንደኛው መረሳቱ አይቀርምና። የእድሩ ዝርዝር የሚታይበትን የስክሪን ፎቶ ሊያያይዝ ሲል ግን ከለከልኩት። የሰው ስምና ስልክ አለበት። ባዶ ፋይል ከፍቶ ሁለት ቃል ጽፎ እሱን ፎቶ አነሳ። እናንተም ስትልኩ ‹‹የስክሪን ፎቶ ይካተት›› የሚለው ላይ ምልክት መኖሩን እዩ።

የባሕር ማዶዎቹ እስኪመልሱ ድረስ ቅርብ ያለ ጆሮም አለ። የልጆቻችንን ትምህርት ቤት፣ የክሊኒኩንና የማኅበሩን ፕሮግራም የሚሠሩት በአብዛኛው እዚሁ ያሉ ወጣቶች ናቸው። ለእነሱ ጸና ፀን፣ ሀና ሐን በፍለጋ ጊዜ ማዋሃድ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ ማንም ስላልጠየቃቸው ነው ያልሠሩት። በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ላይ ስለ ደንብ ልብስና ስለ ሰርቪስ ተነጋግረን ስንጨርስ፣ እጄን አውጥቼ የምዝገባው ፕሮግራም ጳጉሜንን ያውቃት እንደሆነ እጠይቃለሁ። ልጄ ከአሁኑ ‹‹እማዬ፣ እኔ እዚያ ሳለሁ አትጠይቂ›› ብላለች።